የተዘለለችው መስመር

ጥቅምት 11

ለወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህ እንዴት ናት? ሙሽራ ልትሆን ነው ያልከኝ ልጅህስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴን ይይዘኛል፤ ደረጃ ካልወጣሁ ግን የሃያ ዓመት ልጅ ነኝ።

ደብዳቤህ ሰኞ ዕለት በፋብሪካው አድራሻ ደረሰኝ። የበሩ ጥበቃ ፖስታውን አገላብጦ አየና፣ «በዚህ ዘመን በእጁ የሚጽፍ ሰው አለ?» አለኝ። «ወንድሜ ነው» ስለው ደግሞ፣ «ወንድም አለሽ እንዴ?» ብሎ ሌላ ጥያቄ አመጣብኝ። አራት ዓመት ሙሉ በዚያ በር ስገባና ስወጣ ስላንተ ትንፍሽ አላልኩም ማለት ነው። ይህን የምጽፍልህ ላሳዝንህ ብዬ አይደለም። እኔም ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

አዎ፣ አሁንም አራሚ ነኝ። መድኃኒት ካርቶን ውስጥ ተጣጥፋ የምትገባውን ቀጭን ወረቀት ታውቃታለህ፤ ሰው ሳያነባት የሚጥላትን። እሷን ነው የማነበው። አንዲት ባልደረባ አለችኝ፤ እሷ ዋናውን ጽሑፍ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እኔ የታተመውን በጣቴ እከተላለሁ። ነጥቡንና ሰረዙን ሁሉ ስለምትጠራ ፋብሪካው በሙሉ «አራት ነጥብ» ይላታል። «ለነፍሰ ጡሮች አይሰጥም፣ አራት ነጥብ» ትላለች፣ ፊቷ ሳይፈታ። አባባ ቢሰማት ኖሮ በማግስቱ ማተሚያ ቤታችን ይቀጥራት ነበር። የእጅ ማተሚያውስ ደህና ነው?

የልጅህን ነገር አነበብኩ። እኔ እስካሁን የምትታየኝ እጇን የእርሳስ ፊደል ሣጥን ውስጥ ከትታ ሁሉንም ስታደበላልቅብን ነው። ሙሽራው የአውቶቡስ ሹፌር መሆኑም መልካም ነው፤ ቢያንስ ጠፍቶ አይቀርም፣ መስመሩ ይታወቃል።

ለሠርጉ እመጣ እንደሆነ ጠይቀሃል። ጊዜ ስጠኝ።

ገጹ ጥግ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ «ከልብሽ ይቅር ብለሽኛል?» ብለህ የጠየቅከኝንም አይቻለሁ። በአባባ ቀብር ዕለት፣ የቤተሰቡ ስም የተዘረዘረበት ወረቀት በሰው እጅ ሲዞርና የእኔ ስም ሲታጣበት፣ «ስህተት ነው፤ ደክሞኝ ነው» አልከኝ። እኔም ሰው ሁሉ እየሰማ «ምንም አይደል፣ ይቅር ብያለሁ» አልኩህ። ሌላ ምን ልበልህ? ካልኩ ብያለሁ።

ሰላም ሁን።

እህትህ


ጥቅምት 24

ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ፖስታሽን በሩ ላይ ቆሜ ሳገላብጠው ባለቤቴ አይታ፣ «የፍርድ ቤት መጥሪያ ነው እንዴ?» አለችኝ። «ከዚያ ይብሳል፣ የእህቴ ነው» አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን የቀለድኩት ግማሹን ብቻ ነው።

ቤት ሁሉ ደህና ነው። ሥራም አለ። የእጅ ማተሚያውም ደህና ነው፤ ጠይቀሽ ነበርና። መነጽር ሁለት ሆኖብኛል፤ አንዱ ለሩቅ፣ አንዱ ለቅርብ። ሁለቱንም ለመፈለግ ሦስተኛ ያስፈልገኛል። ጉልበትሽን ሐኪም ይየው እንጂ! ደረጃ አልወጣም ብሎ ሕክምና የለም።

ሙሽራው ጥሩ ልጅ ነው። ሲበላ አይናገርም፣ ሲናገር አይበላም። ልጄ ስላንቺ ሁልጊዜ ታወራለች። «አክስቴ ካልመጣች የጥሪ ወረቀት አላሳትምም» ብላ አስፈራርታናለች፤ ምን ማለት እንደሆነ ባይገባኝም ፈርቻለሁ።

በዚያ ነገር ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ልናገርና ልተወው። አባባን ሳስታምም ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ከርሜ ነበር። አባባ እንዳረፈ አንቺ የሆስፒታሉን ወረቀት ለመጨረስ ሄድሽ፣ እኔ የቀብሩን ወረቀት ልሠራ ብቻዬን ማተሚያ ቤት ቀረሁ። ሕጋችንን ታውቂዋለሽ፤ የለቀመ አያነብም። እኔ የእርሳስ ፊደል ከሣጥን እየለቀምኩ እደረድር ነበር፣ አንቺ እርማቱን ታነቢ ነበር። አባባ እኔን «እጄ»፣ አንቺን «ዓይኔ» ያለን ለዚህ አይደል? ያን ቀን ለቅሜ እኔው አነበብኩ። የራስን ሥራ ሲያነቡ ደግሞ የሌለውም ያለ ይመስላል። ይኸው ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በይ እንግዲህ ደህና ሁኚልኝ። ስለ መምጣትሽ ቶሎ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 8

ለወንድሜ፣

ሰላምታዬ ለሁላችሁም ይድረስ። የደስታ ደብዳቤ ጽፈህልኝ እንዲህ ያለ መልስ መላኬ ደስ አይለኝም። ግን ባለፈው ረቡዕ አንድ ነገር ሆነ፤ ካልነገርኩህ ደግሞ ሌላ አራት ዓመት ሊሄድ ነው።

እኔና አራት ነጥብ በምሳ ሰዓት፣ ምግቡ ፊታችን እንዳለ፣ ጌታ ያስተማረውን ጸሎት ቀስ ብለን አብረን እንላለን። ሁለት ዓመት ሆነን። ረቡዕ ዕለት አሜን ካልን በኋላ ማንኪያዋን አላነሳችም።

«አንድ መስመር ትዘልያለሽ» አለችኝ።

«የምን መስመር?»

«ይቅርታ የምንለምንባትንና ይቅር የምንልባትን። እዚያ ስንደርስ ከንፈርሽ ይቆማል፣ ከሚቀጥለው ትይዣለሽ። መጀመሪያ ጉሮሮሽን የያዘሽ መስሎኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ግን ሰውን እዚያው ቦታ ላይ ጉሮሮው አይዘውም።»

በአራሚ ፊት መስመር መዝለል! ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። ማስተባበል አልቻልኩም፤ እውነቷን ነዋ። ያንን ለእግዚአብሔር ብዬው ሐሰት ከሚሆንብኝ ዝም ብል ይሻላል ብዬ ነበር የተውኩት። እሱ የማይሰማ ይመስል።

እንዳልጸለይኩ አታስብ። ፋብሪካ ስንገባ ነጭ ጋውንና ቆብ አድርገን እጃችንን ሠላሳ ሰከንድ መታጠብ ግዴታ ነው፤ ግድግዳው ላይ ሰዓት ተሰቅሏል። እኔ ሰዓቱን አላየውም። «ጌታ ሆይ፣ ይቅር የሚል ልብ ስጠኝ» የሚለውን አሥር ጊዜ ስል ሠላሳ ሰከንድ ይሞላል። ጠዋት አሥር፣ ከምሳ በኋላ አሥር። በዚህ ጸሎት ያልማርኩት ሰው የለም። ጣሪያው ሲያፈስ ጆሮ ዳባ ልበስ ያለችኝን አከራዬን ይቅር ብያለሁ። ጭቃ የረጨኝን ባለመኪና ገና ሳይርቅ ይቅር ብያለሁ። አንተ ጋ ስደርስ ነው ልቤ እንቢ የሚለኝ።

ለምን እንደሆነም አውቃለሁ፤ ሆዴ ይፍጀው ብዬ ይዤው እንጂ።

ያ ወረቀት አሁንም አለኝ፤ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ነው። አንድ መስመር በስህተት ሲቀር ከታች የአንድ መስመር ባዶ ቦታ ይተርፋል። ያንተ ወረቀት ላይ ባዶ ቦታ የለም። አራቱ ስሞች የአምስት ስም ቦታ ላይ እኩል ተዘርግተዋል። በየመስመሩ መሃል ቀጭኗን የመስመር ማራራቂያ እርሳስ ሸጉጠህባቸዋል። አባባ ስሞችን ጠበብ አድርጎ ነው የሚሠራው፤ በቤታችን እንዲያ ተዘርግቶ ሲታተም አይቼ አላውቅም። የደከመ ሰው መስመር ይረሳል። የደከመ ሰው ግን ቁጭ ብሎ የተረሳውን መስመር ቦታ አያስተካክልም።

በሦስት ዓመቴ የእናታችንን ቀሚስ ይዤ ወደ አባባ ቤት ገባሁ። አንተ ገና አልተወለድክም ነበር። እናታችን ስታርፍ እንኳ «የእንጀራ ልጅ» የሚለውን ቃል ከአባባ አፍ አልሰማሁም። የሰማሁት በቀብሩ ዕለት ነው። ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ያንን ወረቀት ይዘው፣ «ለካ የእንጀራ ልጅ ናት» ተባባሉ። በሁለተኛው ሳምንት ዕቃዬን ጠቅልዬ ወጣሁ።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ይቅር ብያለሁ ያልኩህ ሰው እንዲሰማልኝ ነው። ውሸት ነበር። ለዚህ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ረሳኸው ወይስ አወጣኸው? ልቤን «ስህተቱን ይቅር በይ» እያልኩ እለምነዋለሁ፤ እሱ ደግሞ ስህተት እንዳልነበረ ያውቃል። ላልሆነ ነገር መጸለይ ደከመኝ።

እህትህ


ኅዳር 20

ለእትዬ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ አንብቤዋለሁ። ሦስት መልስ ጽፌ ሦስቱንም ቀደድኳቸው። ሦስቱም «ታውቂያለሽ እኮ» ብለው ነው የሚጀምሩት። ጊዜ ስጪኝ፤ እኔም ስትጠይቂኝ ሰጥቼሻለሁ።

ቤት ሁሉ ደህና ነው። ለባልደረባሽ ሰላም በይልኝ። ሳላያት ፈራኋት። ባለቤቴ ደግሞ ባለፈው ዓመት ከማተሚያ ቤቱ ፊት ለፊት ዣንጥላ ይዘሽ አየሁሽ ትላለች፤ አንቺ ነበርሽ?

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 7

ለወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጊዜ ሰጥቼሃለሁ፤ ይህን የምጽፈው ልቆሰቁስህ አይደለም። በዚያች ቁራጭ ወረቀት ለላክሃት ሌላ ጥያቄ መልስ ልስጥህ ብዬ ነው።

አዎ፣ እኔ ነበርኩ። ባለቤትህ አልተሳሳተችም።

ባለፈው ዓመት ፋብሪካው ለእድሳት ሲዘጋ የአንድ ሳምንት ፈቃድ አገኘሁና አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ከማተሚያ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ጫማ መሸጫው በር ላይ፣ ዣንጥላዬን እንደያዝኩ ቆምኩ። ሻጩ ሦስት ጊዜ «ቁጥርሽ ስንት ነው?» አለኝ። በመስኮቱ አየሁህ። በአንድ እጅህ ዳቦ ይዘህ ትበላለህ፣ በሌላው ጠረጴዛውን ትዳብሳለህ። መነጽርህን ነበር የምትፈልገው፤ ግንባርህ ላይ ነበር።

ሳቄ መጣ። መንገዱን ተሻግሬ፣ በሩን ከፍቼ፣ «ግንባርህ ላይ ነው» ልልህ አንድ እግሬን ወደ መንገዱ አውርጄ ነበር። ከዚያ ያ ወረቀት ትዝ አለኝና እግሬን መለስኩት። ባለቤትህ ከመስኮቱ ቀና ስትል ዣንጥላውን ዝቅ አደረግሁ። ለጫማ ሻጩ ይሉኝታ ይዞኝ የማልፈልገውን ጫማ ገዝቼ ሄድኩ። ይጠበኛል።

ቂም ማለት ይህ መሆኑን ያን ዕለት አወቅሁ፤ ስንት ሰዓት ተጉዞ መጥቶ የመንገድ ስፋት ማቋረጥ አለመቻል። ስትጽፍ ጻፍልኝ። እጠብቃለሁ።

እህትህ


ታኅሣሥ 16

እትዬ፣

አወጣሁት።

ሰላምታውን መጨረሻ ላይ ታገኚዋለሽ። ካስቀደምኩት ወደ ዋናው ሳልደርስ ወረቀቱ እንደሚያልቅብኝ ስለማውቅ ነው።

አምስቱንም ስም ለቅሜ ነበር። ያንቺ ከላይ፣ ታላቅ ነሽና፤ ከሥር የእኔ፣ የባለቤቴ፣ የልጄ፣ የአጎቴ። አጎቴ ሥራውን ሊያይ መጣ። በትከሻዬ በኩል አነበበና፣ «ቤተሰብ ሲባል የአብራኩ ክፋይ ነው፤ ሰው ምን ይላል?» አለኝ። ብሎ ሄደ። ፊደሉን በጣቱ አልነካም። ይህን የምነግርሽ በእሱ እንዳላላክክ ነው። ባለቤቴና አጎቴ ራሱ የአባባ አብራክ ክፋይ እንዳልሆኑ ማሰብ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ከሄደ በኋላ ብዙ ቆሜያለሁ። ልተወው እችል ነበር።

ምክንያቱ ሆስፒታሉ ነው። ሦስት ሳምንት ማተሚያ ቤቱን አንቺ ያዝሽ፣ አልጋውን እኔ ያዝኩ። ቀኑን ሙሉ የማጥበው፣ የማገላብጠው፣ የማጎርሰው እኔ ነበርኩ። አንቺ አመሻሽ ላይ ከሥራ ትመጪ ነበር። አባባ ግን ዓይኑን በገለጠ ቁጥር «ዓይኔ መጣች?» ነው የሚለኝ። ቀን በቀን፣ «ዓይኔ መጣች?» በመጨረሻው ቀን ሾርባ እየሰጠሁት፣ «እጅህ ነኝ፣ አባባ» አልኩት። «ዓይኔን ጥራልኝ» አለኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም። እኔን ሳይጠራኝ ሄደ።

በዚያች ወረቀት ላይ እንኳ ብቻዬን ልጁ መሆን ፈለግሁ። በቃ ይኸው ነው። በአርባ ስድስት ዓመቴ እንደ ሕፃን ቀናሁ።

መስመርሽን በመቆንጠጫ አነሳኋት። ክፍተቱ ሲያስጠላኝ ደግሞ እርሳስ ሸጎጥኩበት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። አንብቢልኝ ብዬ እንዴት ልጥራሽ? ስምሽ የወጣበትን ወረቀት ላንቺው?

ሌላም የዋሸሁሽ አለ። ማተሚያው ደህና ነው፣ ሥራም አለ ያልኩሽ ውሸት ነው። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሸራ ለብሶ ቆሟል። ካርድ ለሚፈልግ ሰው ጎረቤት ያሉትን በኮምፒዩተር የሚሠሩትን አሳየዋለሁ። ሥራ ካለቀ በኋላ ፊደሉን እያንዳንዱን ወደየሣጥኑ እንደምንመልስ ታውቂያለሽ። የአራታችንን ስም መለስኩ። ያንቺን መመለስ አቃተኝ። ስምሽ እንደተለቀመ፣ ዙሪያውን በክር ታስሮ፣ በአባባ መሳቢያ ውስጥ አለ። አራት ዓመት መሳቢያውን ስከፍት አያለሁ፣ ስዘጋም አያለሁ።

ይቅር በይኝ። ስህተቴን አላልኩም፤ ያደረግሁትን ነው። ባትይኝም አልቀየምሽም፤ ስለጠየቅሽኝ አመሰግንሻለሁ። ይህን ጽፌ ተነስቼ ምሳዬን በላሁ። ባለቤቴ «ዛሬ ምን ተገኘ?» አለችኝ፤ ሁለቴ ጨምሬ ነበር።

እንግዲህ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ?

ወንድምሽ


ጥር 3

ለወንድሜ፣

ጉልበቴ ደህና ነው። እኔ ግን ሁለት ቀን ጨስኩብህ።

ደብዳቤህን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ከፈትኩት። «አወጣሁት» የምትለዋን ቃል ሳነብ አውቶቡሱ መጣ፣ ቆመ፣ ሄደ። አውቅ ነበር እኮ! አራት ዓመት አውቄ ይዤው፣ ስትነግረኝ ግን እንደ አዲስ ደሜ ፈላ። በሁለት ቀን ውስጥ የጻፍኩልህን መልስ ብታይ ኖሮ ማተሚያውን ሸጠህ አገር ትለቅ ነበር። እጄን ስታጠብ «ይቅር የሚል ልብ» ማለቱም አፌ ላይ አልመጣ አለኝ። ሳሙናውን ብቻ ፈጀሁት።

በሦስተኛው ቀን፣ እዚያው ቧንቧው ሥር፣ የተማጸንኩት ሌላ ነገር ነበር። «ጌታ ሆይ፣ ወንድሜ አስወጥቶኛል። ቀንቶ ነው። ይቅር ልለው እፈልጋለሁ፣ አቅም የለኝም» አልኩ። አሥር ጊዜ አልደጋገምኩትም፤ አንድ ጊዜ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምለምነውን ነገር በስሙ ጠራሁት። ሠላሳ ሰከንዱ መቼ እንዳለፈ አላውቅም፤ ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁት ናቸው «ቆዳሽ ሊላጥ ነው» ያሉኝ። ዕፎይ አልኩ ብዬ ብጽፍልህ ያንሳል። ለአራት ዓመት የታሰረ ነገር ከደረቴ ላይ ተነሳ።

አሁን ደግሞ እኔ የምነግርህ አለኝ። ታውቀዋለህ ብዬ ነበር ያልነገርኩህ፤ ባለማወቅህ አሁን አንጀቴን በላኸው።

አመሻሽ ላይ ስመጣ አንተ ልትናፈስ ወደ ደረጃው ትወጣ ነበር፣ አይደል? በሩ ሲዘጋ አባባ መጀመሪያ የሚለኝ ምን እንደነበር ታውቃለህ? «እጄ በላ?» በየቀኑ። «እጄ ምሳውን በላ? ጠይቂው፤ ለእኔ አይነግረኝም። ከስቷል።» ስለ ራሱ ሕመም ከማውራቱ በፊት። አንድ ቀን «ስላንተ እንጂ ስለ እኔ አትጠይቅም» ብዬ ቀለድኩበት። «አንቺማ እዚህ አለሽ» አለኝ።

ገባህ? ያጠገቡን ሰው አይጠራም ነበር። ለአንተ እኔን ይጠይቅሃል፣ ለእኔ አንተን። ቀኑን ሙሉ እጁን ይዘህ ተቀምጠህ እንዴት ብሎ ይጥራህ?

እንግዲህ እንደ ፈለግህ አልቅስ። እኔ አልቅሼ ጨርሻለሁ።

ትናንት በምሳ ሰዓት ጸሎቱን ስናደርስ እዚያች መስመር ላይ ደረስን። አልዘለልኳትም። ድምፄ ትንሽ ከፍ ሳይል አይቀርም፤ ከጎናችን ያሉት የማሸጊያ ክፍል ሠራተኞች ዞር ብለው አዩኝ። አሜን እስክንል ጠብቃ፣ አራት ነጥብ ማንኪያዋን አነሳች። «አራት ነጥብ» አለችና መብላት ጀመረች።

ይቅር ብዬሃለሁ። ነገ ጠዋት ተነስቼ እንደገና ሊያመኝ ይችላል፤ ያኔም እንደገና እለዋለሁ። አጎትህን ገና ነኝ። እሱ በተራው።

እህትህ


ጥር 21

ለእትዬ፣

«እጄ በላ?» የምትለዋን ገጽ በኪሴ ይዤ ስዞር ታጥፋ ታጥፋ ልትበጠስ ደርሳለች። ባለቤቴ አንብባው ወጥታ፣ ምግብ ጨምራ ይዛልኝ መጣች። ከዚያ ወዲህ እየወፈርኩ ነው።

ሸራውን አወለቅሁት። ማተሚያውን ዘይት ቀባሁት። አንዱ እግሩ ይንጫጫል እንጂ እንደ ድሮው ነው። የሠርጉን የጥሪ ወረቀት እዚያ ላይ ነው የምሠራው። ሙሽራይቱ ቀለም ካልነካሁ ብላ ጥፍሯ ሥር ሁሉ ጠቁሯል፤ እናቷ ጩኸቷን ለቀቀችው።

የእርማት ወረቀቱን አብሬ ልኬልሻለሁ። የለቀመ አያነብም። አደራ፣ አንድ ነገር እንዳያመልጥሽ። በእኔ በኩል የበደልኩሽን የሚክስ መስሎኛል፤ ስታዪው ይገባሻል።

አጎቴ ስሜ ለምን ከላይ አልሆነም ብሎ አኩርፏል። እስቲ በተራው ሲደርስ ትንሽ ጠንከር በይበት።

እጄ (ይህን ስጽፍ ትንሽ አፍሬያለሁ)


የካቲት 2

ለእጄ፣

አትፈር። ስምህ ነው።

የእርማት ወረቀቱ ደርሶኛል። አራት ነጥብ በምሳ ሰዓቷ ጮክ ብላ አነበበችልኝ፣ እኔ በጣቴ ተከተልኩ። ቀኑ ትክክል ነው። ሰዓቱን ጠዋት ወይም ከሰዓት አላልክም፤ የሙሽራው መሥሪያ ቤት ሰዎች ሁሉ ሹፌር ናቸው፣ ተሳስተው ቢቀሩ ከተማው ይቆማል። የሙሽራይቱ ስም ላይ አንዷ ፊደል ተገልብጣለች። ገና ስትድህ ጀምሮ ሣጥናችንን ያመሰቃቀለች ልጅ ናት፤ ይገባታል፣ ግን አስተካክላት።

አሁን ወደ ከባዱ እርማት ልምጣ።

ስሜን ብቻውን፣ ከሁሉም በላይ፣ በትልቁ ፊደል አስቀምጠኸዋል። ከሙሽራይቱ ስም ይበልጣል። ወረቀቱ የደረሰው ሰው ሁሉ የማገባው እኔ ነኝ ብሎ ይመጣል፤ በዚህ ጉልበቴ! አሳቀኝ፤ ከዚያ ደግሞ አስለቀሰኝ። አራት ነጥብ መሐረቧን ሰጠችኝና «ከገጹ ላይ ወዲያ በይ፣ ታበላሺዋለሽ» አለችኝ።

ወንድሜ፣ ካሣ አልፈልግም። አልቋል። ያንን ትልቁን ፊደል አፍርሰህ ወደየሣጥኑ መልሰው። ከዚያ የአባባን መሳቢያ ክፈት። ያሰርካትን መስመር አውጣና ክሩን ፍታው። ከስምህ በላይ፣ ድሮ በነበርኩበት ቦታ፣ ከሁላችሁም ጋር እኩል በሆነ ፊደል አስገባኝ። በመስመሮቹ መሃል የሸጎጥከውን እርሳስ በሙሉ አንሳው። ጠበብ ይበል፣ አባባ እንደሚሠራው። ሁላችንም እንበቃለን፤ አጎትህም ጭምር።

ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። የሚጠበኝን ጫማ አድርጌ ስለምመጣ በሩ ላይ ወንበር አስቀምጥልኝ። እስከዚያ አንድም ወረቀት እንዳታትም፤ አንተ ታነባለህ፣ እኔ እከተላለሁ። መነጽርህን ደግሞ ግንባርህ ላይ ፈልገው።

ዓይኔ